እመቴ አበበች፣ ስንት ቀን ሆነዎት?

ውድ እመቴ አበበች፣

እንደምን ሰነበቱ የምልዎት ለደብዳቤ ወግ አይደለም። እንደምን እንደሰነበቱ የምር ማወቅ እፈልጋለሁ፤ ይህ ደብዳቤም ከላይ እስከ ታች የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። እኛ ደህና ነን። ልጆቹ ይማራሉ፣ እኔ የፕላስቲክ ዕቃ ሱቄን እከፍታለሁ፣ ልጅዎ መልካሙም ድንጋይ ሲጠርብ ይውላል። ስለ እኛ ይኸው ነው።

በስምዎ መጥራቴ ቅር ይልዎት ይሆናል። ምራት የአማቷን ስም በአፏ አታነሣም ብለው ያስተማሩኝ አንቱ ነዎት፤ እኔም ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ አንሥቼው አላውቅም። ግን እኮ በእኛ ቤት ስሙ የማይጠራ ነገር በዛ። ከስምዎ ልጀምርና ወደ ሌላው ልሂድ ብዬ ነው።

ደብዳቤውን የሚያመጣው መልካሙ ነው፤ የምታነብልዎት ግን የታናሽ ልጅዎ የሙሉቀን ሙሽራ፣ ትዕግሥት ናት። መልካሙን አላመንኩትም። እናቱ ፊት ሲያነብ ያፍርና ግማሹን ይውጠዋል፤ «ሰላም ብላለች» ብሎ አጣጥፎ ኪሱ ይከተዋል። ትዕግሥት እኅቴ፣ አንዲት መስመር እንዳታልፊ። ድምፅሽንም ከፍ አድርጊው። አባባ ወርቁ መደባቸው ላይ ካሉ እሳቸውም ይስሙ፤ የሚስታቸው ጉዳይ ነው።

የጥቅምት ሚካኤል ዕለት ያደረግሁትን ነገ አድርጊ ቢሉኝ ደግሜ አደርገዋለሁ።

የማኅበሩ ተረኛ አንቱ ነበሩ። ግቢው በወንድ ተሞልቶ፣ አባባ ከነፍስ አባትዎ ከአባ ሙላቴ ጋር በሩ ሥር ተቀምጠው፣ እኔ ልረዳዎት መጥቼ ጓዳ ጠላ እቀዳለሁ። በዚህ መካከል ጠዋት የጠጣሁት ተልባ ሥራውን ጀመረ። ድሮ ቢሆን ጥርሴን ነክሼ ጀምበር እስክትጠልቅ እቆይ ነበር። ቀበሌ ያስቆፈረው ሽንት ቤት እንደሆነ ዶሮ ታቅፎበታል። ጆግ ሙሉ ውኃ ቀዳሁ፣ «እስቲ አሳልፉኝ» እያልኩ በሽማግሌዎቹ መካከል አለፍኩ፣ በጠራራ ፀሐይም ከቤቱ በታች ወዳለው ቦረቦር ወረድኩ። ወዴት እንደምሄድ ሁሉም አውቋል። ጆግ አንጠልጥሎ ወደ ቦረቦር የሚወርድ ሰው ጎመን ሊያጠጣ አይደለም።

ግማሽ መንገድ ላይ ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ። ዞር ስል ትዕግሥት ናት። ዓመት ያልሞላት ሙሽራ፣ በአማቷ ፊት፣ በቀን! ፊቷ በላብ ርሷል።

«እታለም፣ ዛሬ አራት ቀኔ ነው፤ ካንች ጋር ካልሆነ መቼም አልደፍርም» አለችኝ።

እዚያ ታች ሆነን ነው ስለ አንቱ የነገረችኝ። ልብስዎን የምታጥበው እሷ ናት። የውስጥ ቀሚስዎ ላይ ደም እንዳየች፣ አንድ ቀን ብቻም እንዳልሆነ፣ ከፋሲካ ወዲህ ሳምንት ሳምንት ሙሉ ሳይወጡ እንደሚቆዩ፣ በየአሥራ አምስት ቀኑ ኮሶ እንደሚጠጡ፣ መቀነትዎ አንድ ዙር እንደጨመረ ነገረችኝ። ትዕግሥት፣ ይህን ስታነቢ ድምፅሽ እንዳይርድ። እመቴ፣ እሷን እንዳይቆጧት። ያስለፈለፍኳት እኔ ነኝ፤ ቁጣ ካለ በእኔ ይሁን፤ እኔ ለምጄዋለሁ።

ስመለስ በሩ ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

«አዋረድሽኝ! በማኅበርተኛ ፊት፣ በሚካኤል ጽዋ ፊት አዋረድሽኝ! ይችንም ጨቅላ አበላሸሻት!»

አባ ሙላቴ ጭራቸውን እያወዛወዙ ምን እንዳሉ ያስታውሳሉ? «ተይ እንጅ አበበች። ሁዳዴ በገባ ቁጥር እኔም አራትና አምስት ቀን እየተዘጋሁ ነው የምቀድስ። ንስሐ አባት ነኝና ለማን ልናዘዘው?» አሉ። ግቢው ሁሉ ሳቀ፤ አንቱ ብቻ አልሳቁም። ጓዳ ተከትዬዎ ገባሁ። ድምፄን ዝቅ አላደረግሁም፤ «እመቴ፣ ስንት ቀን ሆነዎት?» አልኩ። «ምኑ?» አሉኝ። «ከወጡ» አልኩዎት። «ስድ! ሁለተኛ እዚህ ቤት እንዳትረግጭ!» ብለው አስወጡኝ። ያልረገጥኩት ስለታዘዝኩ ነው፤ ደብዳቤ አትጻፊ ግን አላሉኝም።

እንግዲህ እኔ ለምን ስድ እንደሆንኩ ይስሙ።

የሐሙሲት ልጅ ነኝ። ስዳር አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ እናቴም ከሞተች ሁለት ዓመት አልፏት ነበር። አንቱ ክፉ አማት አልነበሩም፤ ይህንንም ሁሉም ይስማ። ደክሞኝ ካዩኝ «ሂጅ ጋደም በይ» ብለው ወፍጮውን ከእጄ ይቀበሉኝ ነበር። ጎህ ሲቀድ እጄን ይዘው ወደ ቦረቦሩ ይወስዱኝና ነጠላዎን ዘርግተው፣ ፊትዎን አዙረው ይጠብቁኝ ነበር። እናት ያላት ሙሽራ እንኳ እንዲህ የሚቆምላት አታገኝም። እወድዎት ነበር። አሁንም እወድዎታለሁ፤ ንዴቴም የመጣው ከዚሁ ነው።

ችግሩ የቀረው ቀን ነበር። «ሙሽራ ጀምበር እያያት ከደጅ አትወጣም» አሉኝ በመጀመሪያው ሳምንት። ቦረቦሩ ለመድረስ በአባባ መደብ ፊት ማለፍ ግድ ነው፤ አባባ ደግሞ እግራቸውን ካመማቸው ወዲህ ከመደባቸው አይነሡም። ስለዚህ ያዝኩት። እንዳያስፈልገኝ ብዬ ከመሶቡ ቶሎ መነሣት ጀመርኩ፣ ውኃም አልጠጣ አልኩ። ሰውነቴ ሲጠራኝ «ቆይ» እለዋለሁ። ሁልጊዜ ቆይ የሚባል ሰው አንድ ቀን መጣራቱን ይተዋል፤ የእኔም ተወው። በሦስተኛው ወር ዘጠኝ ቀን ሆነኝ። ሆዴ እንደ ከበሮ ተወጥሮ ሳለ «ኮሶ ነው የያዘሽ» አሉኝ፤ ወቅጠው፣ በጥብጠው፣ በባዶ ሆዴ አጠጡኝ።

የሆነውን ያውቃሉ። ያን ሁሉ በቀን አትውጭ የተባለች ሙሽራ በአባባና በእንግዶቻቸው ፊት ሰባት ጊዜ ሮጠች፣ በስምንተኛው በሩ ላይ ወደቀች። ስነቃ ራሴን ጭንዎ ላይ አድርገው ያለቅሱ ነበር። ግን ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሆዴ እንደገና ዘጋ፤ አንቱም እንደገና ኮሶ ወቀጡ። በሽታው ኮሶ ነው ብለን አንድ ጊዜ ወስነናላ! ምን እንደያዘኝ የጠየቀኝ የለም፤ ቢጠይቁኝም አልናገርም ነበር። እንዲህ እያልኩ ልጆች ወለድኩ፣ እንዲህ እያልኩ ደብረ ታቦር ገባሁ።

ከተማ ስገባ ሽንት ቤቱ ከመኝታዬ አሥር እርምጃ ሆነ። ምን ዋጋ አለው? እኔ ሰማሁ እንጂ ሰውነቴ ከተማ መግባቱን አልሰማም። ቁጭ ብዬ ሳምጥ እቆያለሁ፣ ላብ ያጠምቀኛል፣ ደም ይመጣል፣ ባዶዬን እነሣለሁ። መልካሙ ሲጠይቀኝ ራሴን አመመኝ እለዋለሁ። ራሴ ስንት ዓመት እንደታመመ ቢቆጠር እስካሁን በአንገቴ ላይ አይገኝም ነበር።

ያዳነችኝ ከድጃ ናት። ከሱቄ ጎን ጨርቅ የምትሸጠው። አንድ ቀን ግንባሬን ባንኮኒው ላይ ደፍቼ አገኘችኝ።

«ምን ሆነሽ?»

«ራሴን።»

«ራስሽን ከሆነ ሆድሽን ለምን ይዘሻል?» አለችኝ። ከዚያም በሬን ራሷ ቆልፋ፣ ባጃጅ ጠርታ፣ እንደ ጥጃ እየነዳች ክሊኒክ ወሰደችኝ።

ዶክተር ዓይናለም ሴት ናት፤ ይህን ከሁሉ በፊት ይያዙልኝ። «በሳምንት ስንት ጊዜ ሰገራ ትወጫለሽ?» አለችኝ፣ ልጆችሽ ስንት ናቸው እንደሚል ሰው። መሬት መሬት አየሁ። እሷ ግን አላፈረችም። ይደርቃል ወይ? ታምጫለሽ ወይ? ከወጣሽ በኋላ የቀረ ይመስልሻል? ደም አይተሻል? ከስተሻል? ከቤተሰብ የአንጀት ካንሰር የያዘው ሰው አለ? የምትወስጅው መድኃኒት አለ? ኮሶ ስላት ብዕሯን አስቀመጠች። አንገቴን ዳበሰች፤ እንቅርት ካለ እሱም ሆድ ያደርቃል አለች። ደም አስወሰደችኝ።

ከዚያ ጓንት አጥልቃ በጣቷ መረመረችኝ። አዎ እመቴ፣ እዚያ። ትዕግሥት፣ አንብቢው እንጂ! አልሞትኩም። ጥርስ ከመነቀል ይቀላል። «እስቲ እንደምትወጭ አድርገሽ ግፊ» አለችኝ፤ ገፋሁ። «አየሽ፣ መልቀቅ ባለብሽ ሰዓት ታጠብቂያለሽ። ጡንቻው ብዙ ዓመት መያዝ ብቻ ስለተማረ መልቀቅ ጠፍቶበታል» አለችኝ። ያን ጊዜ አለቀስኩ። ያሳመመችኝ መስሏት ደነገጠች። ያስለቀሰኝ ግን የአባባ መደብ ነው። ያ መደብ እስከ ደብረ ታቦር ተከትሎኝ ሰውነቴ ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል።

የሰጠችኝ መድኃኒት ውኃ ውስጥ የሚበጠበጥ ዱቄት ነው። አንጀት ውስጥ ውኃ እየያዘ ያለሰልሳል እንጂ እንደ ኮሶ አያስሮጥም። ጠዋት ቁርስ እንደቀመስኩ፣ ያን ጊዜ አንጀት በራሱ ስለሚነሣ፣ የመጣ ደንበኛ ቢመጣ ሽንት ቤት ሄጄ አሥር ደቂቃ መቀመጥ አለብኝ። ከጠራኝ ደግሞ በምንም ምክንያት ቆይ ማለት የለም። አንዲት ሲስተር ሆዴን በትንፋሽ ነፍቼ ታቼን እንዴት እንደምለቅ እንደ ሕፃን አስተማረችኝ። ውኃ፣ ተልባ፣ ጎመን፣ የገብስ ቂጣ፣ ይህ ከቤታችን የማይጠፋ ነው፤ እኔ ነኝ የራቅሁት። በሳምንት አልዳንኩም፣ በወርም አልዳንኩም። አራት ወር ፈጀብኝ፤ በመካከሉም ሁለት ጊዜ ተስፋ ቆርጬ ከድጃ ሰድባ መለሰችኝ። ዛሬ ግን እመቴ፣ በየቀኑ እወጣለሁ። በየቀኑ! ለቅዱስ ሚካኤል ስዕለት የገባሁት ለዚህ ነበር፣ ሌላ መስሏቸው ጧፍ ሳስገባ የመረቁኝ ሁሉ ይኸው ይወቁት።

ከዚያ ወዲህ አፌ ተፈታ። ሱቄ ትልቅ ትልቅ ሰው ይመጣል፤ ለታመመች እናቱ ፖፖ ሊገዛ። ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብሎ «ያ... የሚቀመጡበት...» ይላል። እኔ ደግሞ መንገድ እስኪሰማ «ፖፖ ነው? ትልቁን ነው ትንሹን?» እላለሁ። ከድጃ ጨርቋን ትታ ትስቃለች። ሰውየው መጀመሪያ ይደነግጣል፣ ቀጥሎ ግን እናቱን ምን እንዳመማት ይነግረኛል። ስንቱን እንዲህ ብዬ ሐኪም ቤት ልኬዋለሁ። የራሴን እናት፣ አንቱን፣ መላክ አቃተኝ።

አሁን ወደ አንቱ ልምጣ። የእኔን ታሪክ የነገርኩዎት ተልባ ጠጥተው እንዲተኙ አይደለም። የእኔና የአንቱ በሽታ አንድ አይደለም። የእኔ ከልማድ መጣ፣ እያወቅሁት፣ ዓመት እየቆጠረ። አንቱ ግን ዕድሜ ልክዎን እንደ ሰዓት ነበሩ፤ ከፋሲካ ወዲህ ነው ድንገት የዘጋብዎ። ደም አለ። ከስተዋል። ለዶክተር ዓይናለም ስነግራት ዕድሜዎን ጠየቀችኝ፣ ስድሳ አልፏቸዋል አልኳት። ከወገናቸው ሆዱን ታሞ የሞተ አለ ወይ አለችኝ። እኅትዎን ማሬን ነገርኳት፤ የዛሬ ሦስት ዓመት ሆዷ ተነፍቶ ስትሞት የሰው ዓይን ነው እንደተባለ። ዶክተሯ ከወንበሯ ተነሣች። «ለምን እስካሁን አላመጣሻቸውም?» ብላ ተቆጣችኝ።

ካንሰር ነው አላለችም። ኪንታሮት ሊሆን ይችላል፣ እንቅርትም ሊሆን ይችላል፣ ሳይታይ ግን አይታወቅም አለች። መጀመሪያ እሷ ታይዎታለች፣ ደምዎ አንሶ እንደሆነም ትመረምራለች። ከዚያ ባሕር ዳር ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ አንጀትዎን ውስጡን ያዩታል፤ ሲያዩት እንዳያምዎ መድኃኒት ይሰጡዎታል። ቶሎ ከተገኘ ክፉውም ቢሆን ይቆረጣል፣ ሰው ይድናል አለች። ኮሶ ግን ጨርሶ እንዳይነኩ። አንጀት ታፍኖ ከሆነ ኮሶ ሊያፈነዳው ይችላል። ጓዳ መደርደሪያው ላይ፣ ከበርበሬው ጀርባ፣ በጨርቅ የተቋጠረውን አይቼዋለሁ። ትዕግሥት፣ አሁን ተነሽና አውጥተሽ ድፊው። ደፍተሽ ስትመለሽ ከዚህ ቀጥይ።

ባለፈው ሳምንት መልካሙን ልኬው ነበር። ሆዳቸውን አሟቸዋልና አምጣቸው ብቻ ነው ያልኩት። «ሰውነቴን ሰው ሳያየው ከነክብሬ ልሙት» ብለው ባዶውን መለሱት። ቤት ገብቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አለቀሰ። መልካሙ፣ አጠገባቸው ከሆንክ አትፈርበት፣ ያለቀስከው ለእናትህ ነው።

እመቴ፣ ሰውነቱን ሰው ሳያየው የሚቀበር የለም። ማሬን ያጠብናት እኔና አንቱ ነን። ሆዷን ሳጥብ በግራ በኩል ድንጋይ የመሰለ እብጠት እጄን ነካው። አንቱም ነኩት። እጃችን እዚያ ላይ ተገናኝቶ ዓይን ለዓይን ተያየን፣ ከዚያም ሁለታችንም ዝም ብለን ውኃ ማፍሰስ ቀጠልን። ሦስት ዓመት ዝም አልን። ማሬ ያን እብጠት በሕይወት ሳለች ለአንዳችን ብታስነካን ኖሮ ምን ይሆን ነበር እያልኩ ስንት ቀን እንዳሰብኩ እግዚአብሔር ያውቃል፤ አንቱም እንደሚያስቡት አውቃለሁ።

ስለዚህ በባልዎና በልጆችዎ ፊት የምናገረውን ይስሙ። ሰውነትዎን በሕይወት ሳሉ ለሐኪም ካላሳዩ፣ ሞተው ለእኔ አያሳዩኝም። አላጥብዎትም። አጥቢ ብለው ቢልኩብኝ አልመጣም፤ የአገር ሰው ይርገመኝ፣ መልካሙም ካሻው ይፍታኝ። የማሬን ሆድ ባጠበ እጄ የአንቱን ሆድ ዳብሼ፣ እንደገና እዚያ ላይ ድንጋይ አግኝቼ፣ እንደገና ዝም አልልም። አልችልም።

ሰኞ ማለዳ መልካሙ በበቅሎ እስከ እብናት ያደርስዎታል፣ ከዚያ በሚኒባስ ይመጣሉ። እኔ መናኸሪያ ቆሜ እጠብቅዎታለሁ። ከተቆጡም ተቆጥተው ይምጡ። መንገዱን ሙሉ ይስደቡኝ፣ እመናኸሪያው ላይ በሰው ሁሉ ፊት በጥፊ ይምቱኝ። ብቻ በእግርዎ ይምጡ።

ስድ ምራትዎ፣ ልጅዎ፣
ጽጌ
ከደብረ ታቦር